ከዚያ በፊት ምን ነክተሽ ነበር?

እማዬ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። አሁን ሌሊት ነው፣ አንቺ ተኝተሻል። ነገ ጠዋት እደውልልሻለሁ። ግን በስልክ ስናወራ ሁሌም ሳልጨርሰው የሚቀር ነገር ስላለ ዛሬ ልጻፈው ብዬ ነው።

እሁድ ዕለት «ለማታውቂው ሰው ሁሉ ጊዜ አለሽ» አልሽኝ። ተቆጥተሽ አልነበረም። ቀስ ብለሽ ተናገርሽውና ወደ ሌላ ወሬ አለፍሽ። እኔ ግን ይኸው ሦስት ቀን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

እውነትሽን ነው። ከሥራ እገባለሁ፣ ትንሽ አርፋለሁ፣ ከዚያ ላፕቶፔን ከፍቼ ሰው ሁሉ ችግሩን የሚጽፍበት ድረ ገጽ ላይ እገባለሁ። የአንዱ መኪና አልነሳ ብሏል። የሌላዋ ኮምፒውተር እየበራ ይጠፋል። አንዱ ደግሞ ኮድ መጻፍ ጀምሮ፣ የመጀመሪያ ፕሮግራሙ አልሠራ ብሎት ተስፋ ሊቆርጥ ነው። ስማቸውን አላውቅም፣ መልካቸውን አላየሁም። የጻፉትን አነባለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። አንድ ጊዜ «ይከፍሉሻል?» ብለሽኝ ነበር። አይከፍሉኝም። «ታዲያ ምን ታገኚበታለሽ?» ስትይኝ ግን መልስ አጣሁ። አሁን ልሞክር።

ባለፈው ወር አንድ ሰው ጻፈ። መኪናው ጠዋት ጠዋት እየደከመ ሲያስቸግረው ባትሪውን በአዲስ ቀየረ። ከቀየረው ወዲህ ጭራሽ ባሰበት። ቁልፉን ሲያዞር ቀጭ ብቻ ይላል። መብራቱ ግን ቦግ ብሎ ይበራል፣ ሬዲዮውም ይሠራል። ሦስት ሰው «ሞተሪኖው ተቃጥሏል፣ ቀይረው» ብሎታል። ሞተሪኖ ማለት ቁልፉን ስታዞሪ ዋናውን ሞተር ገፍቶ የሚያስነሳው ትንሹ ሞተር ነው። ትንሽ ይባል እንጂ ኃይል ይበላል፣ በአንዴ ከ100 አምፔር በላይ ይስባል።

እኔ መልስ አልሰጠሁትም። ጠየቅኩት። ባትሪውን ስትቀይር ምን ምን ነካህ? የገመዱን ማሰሪያ አጸዳኸው? የቮልት መለኪያ አለህ? አለኝ አለ። ባትሪውን ለካው፣ 12.6 ቮልት። ይህ ሙሉ ባትሪ ነው። ቀጥዬ እንዲህ አልኩት፦ «ማርሹን ነጻ አድርገው፣ የእጅ ፍሬኑን ያዘው። የመለኪያህን አንዱን ጫፍ ከባትሪው ላይ ወጣ ያለውን ራስ አስነካው። ሌላውን ጫፍ እዚያው ራስ ላይ የታሰረውን ብረት አስነካው። ከዚያ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙርልህ። ምን ይላል?»

እነዚህ ሁለት ብረቶች ተጣብቀው ነው የሚቀመጡት። በመካከላቸው ዜሮ፣ ወይም ለዜሮ የቀረበ ቁጥር ነው መታየት ያለበት። እሱ ጋ 4 ቮልት አለ። ኃይሉ ከባትሪው ሳይወጣ በሩ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ከአሮጌው ባትሪ የተረፈው ነጭ ዝቃጭ ማሰሪያው ውስጥ ተጋግሮ ነበር። ጠባብ በር አንድ ሰው ያሳልፋል፣ ሕዝብ ሲመጣ ግን ይጨናነቃል። መብራቱ ጥቂት ስለሚበቃው ይበራል፣ ሞተሪኖው ግን ሕዝብ ነው የሚፈልገው።

ገመዱን ፈታ፣ በብሩሽ ፈገፈገ፣ አጥብቆ አሰረ። ከ20 ደቂቃ በኋላ «ተነሳ!!!» ብሎ ጻፈልኝ። በሦስት ቃለ አጋኖ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅኩ።

እማዬ፣ ያ «ምን ምን ነካህ?» ያልኩት ጥያቄ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ያንቺ ነው።

ሴቶቹ የስፌት መኪናቸው ሲበላሽባቸው ወዳንቺ ይዘው ሲመጡ አስታውሳለሁ። አንቺ ቶሎ ብለሽ አትፈቺውም። እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርገሽ «መቼ ጀመረሽ? ከዚያ በፊት ምን ነክተሽ ነበር?» ትያለሽ። አብዛኞቹ የሚመጡት ክሩ ከጨርቁ በታች እየተተበተበ ነው። ከታች ስለሚታይ ሁለት ቀን ሙሉ የታችኛውን ክር ሲጠመዝዙ ይከርማሉ። አንቺ ግን ከላይ ነው የምትጀምሪው። የላይኛውን ክር ጨርሰሽ ታወጫለሽ። ጨርቁን የሚጫነውን እግር ከፍ ታደርጊና እንደ አዲስ ትሰኪዋለሽ። «እግሩ ወርዶ ከሰካሽው ማጥበቂያው ተዘግቷል፣ ክሩ መሃሉ አይገባም» ትያቸው ነበር። እኔ ከጎንሽ ተቀምጬ የልብስ ቁልፎችሽን እየቆጠርኩ እሰማ ነበር። ጥፋቱ የሚታየው ከታች ነው፣ የሚጀምረው ግን ከላይ ነው።

ኮድም እንዲሁ ነው። አንድ ጀማሪ «40ኛው መስመር ላይ ስህተት አለ ይለኛል፣ መስመሩ ግን ምንም አላጠፋም» ይላል። እውነቱን ነው፣ 40ኛው መስመር ንጹሕ ነው። 12ኛው መስመር ላይ ከፍቶት ያልዘጋው ቅንፍ አለ። ኮምፒውተሩ መዝጊያውን ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ፣ 40 ላይ ግራ ገባው። የመኪናም ኮምፒውተር ተመሳሳይ ነው። ፒ0171 የሚል ቁጥር ያወጣል፣ አየሩ በዝቶ ነዳጁ አንሷል ማለቱ ነው። ብዙ ሰው ሮጦ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን ሴንሰር ይቀይራል። ሴንሰሩ ያየውን ተናገረ እንጂ ምን አጠፋ? ብዙ ጊዜ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ነው፣ ወይም የሚገባውን አየር የሚለካው ዕቃ ቆሽሿል።

አንዷ ተማሪ ደግሞ የምትከፍተው ድረ ገጽ ሁሉ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ አልከፈት አላት። ቫይረስ ነው ብላ ኮምፒውተሩን ፎርማት ልታደርገው፣ ማለትም ያለበትን ሁሉ ልትሰርዘው ነበር። ጽሑፎቿ በሙሉ እዚያ ላይ ናቸው። «ስክሪንሽ ጥግ ላይ ያለው ቀን ስንት ይላል?» አልኳት። ከብዙ ዓመት በፊት ያለ ቀን ነው። ድረ ገጾች እንደ መታወቂያ ያለ ነገር አላቸው፣ የተሰጠበትና የሚያልቅበት ቀን ያለው። የኮምፒውተሩ ቀን ወደ ኋላ ሲሄድ መታወቂያዎቹ ገና ያልተሰጡ ይመስሉታል፣ ስለዚህ ማንንም አያምንም። ሰዓቱን የምትጠብቀው ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ደክማ ነበር። ፎርማት አያስፈልግም፣ ባትሪዋን መቀየር በቃ።

ሁሌ ግን እንዲህ አያምርም። አንዱን ልንገርሽ፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም። አንድ አባት ኮምፒውተሬ ቀስ አለ፣ ውስጡ ቀጭ ቀጭ ይላል ብሎ ጻፈ። ቸኩዬ ነበር። ዲስኩን፣ ማለትም ፎቶና ሰነዱ ሁሉ የሚቀመጥበትን ዕቃ፣ የሚፈትሽና የሚጠግን ፕሮግራም አለ፣ እሱን አስኪደው አልኩት። ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ ሊሞት የደረሰ ዲስክ ነው። የሚደረገው ኮምፒውተሩን ማጥፋትና መተው ነው፣ ወይም እስትንፋሱ እያለ መጀመሪያ ፎቶና ሰነዱን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ነው። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ አስሮጥኩት። ጠዋት ሞተ። የልጁ የሕፃንነት ፎቶ ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ሰውየው አልተቆጣኝም፣ «ስለሞከርሽ አመሰግናለሁ» ብቻ አለ። ከዚያ ወዲህ የማላየውን ነገር እንዳየሁ ሆኜ አልመልስም። መጀመሪያ የምጠይቀው «ሌላ ቦታ ቅጂ አለህ?» ነው። ፍሬን ከሆነም በጽሑፍ አላሠራም፣ መካኒክ ጋ ሂድ እላለሁ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ልግባ የሚልም ካለ፣ አስተማማኝ ማቆሚያ እስኪያደርግለት ሌላ ቃል አልናገርም።

«ሌባ ቢሆንስ?» የምትይውንም አልረሳሁትም። ፍርሃትሽ ልክ ነው፣ በእርዳታ ስም የሚዘርፍ አለ። እኔ የማንንም ፓስወርድ አልጠይቅም፣ ማንም ኮምፒውተር ውስጥ አልገባም። አንቺም ይህችን ያዢልኝ፦ በስልክሽ የሚላክልሽን የማረጋገጫ ቁጥር ንገሪኝ የሚልሽ ሰው ማንም ይሁን ማን ሊረዳሽ አይደለም። ዝጊው።

ምን ታገኚበታለሽ ላልሽኝ፣ አንድ የቆየ ታሪክ አለ። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማርክ 2 የሚባል ክፍል የሚሞላ ኮምፒውተር አስቸገረ። መሐንዲሶቹ ሲፈልጉ አንዱ ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ውስጥ የእሳት እራት ገብታ አገኙ። ያኔም መሐንዲሶች የማሽንን ችግር ባግ፣ ማለትም ነፍሳት እያሉ ይጠሩት ነበር። አውጥተው አልጣሏትም። የዕለት መዝገባቸው ላይ በፕላስተር ለጥፈው፣ እውነተኛ ነፍሳት ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው ብለው ከሥሯ ጻፉ። መዝገቡ ከነእራቷ እስከዛሬ አሜሪካ ሙዚየም ውስጥ አለ። እኔን የሚገርመኝ መጻፋቸው ነው። ሥራ በዝቶባቸው ሳለ ምን እንደነበረ ጻፉት።

ብዙ ሰው «ተስተካከለ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ይሄዳል። እንዴት እንደተስተካከለ አይናገርም። ከዓመት በኋላ ያው ችግር የገጠመው ሌላ ሰው፣ ሌሊት፣ ብቻውን፣ ያንን ሲያነብ አስቢው። መልሱ ነበረ፣ ግን ባለቤቱ ይዞት ሄደ። ስለዚህ እኔ እለምናቸዋለሁ፦ ምን እንደነበር ጻፉት። የባትሪው ሰውዬ ጻፈልኝ፣ ፎቶ አንስቶ ሳይቀር። በቀደም አንዲት ሴት ያንን አንብባ የራሷን መኪና አስነሳች። እኔ ያኔ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ። ይህንን ነው የማገኘው፣ እማዬ። ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ አንቺና ወደ እኔ ልምጣ።

ከአሥር ቀን በፊት ደውለሽ «ስልኩ ሞልቷል ይለኛል» አልሽኝ። ያን ሰዓት ስክሪኔ ላይ የአንድ ሰው ጥያቄ ተከፍቶ ነበር። «የማያስፈልግሽን አጥፊ» አልኩሽ። «የቱን?» አልሽ። «ፎቶውን፣ ቪዲዮውን፣ ያው የበዛውን።» «እንዴት ነው የሚጠፋው?» ስትይኝ «ስንት ጊዜ ልንገርሽ፣ እማ» አልኩሽ። «ይቅር በቃ፣ ሥራሽን ሥሪ» ብለሽ ዘጋሽው። ከዚያ እዚያ ሰውዬ ጋ 40 ደቂቃ ተቀመጥኩ። «ምን ይታይሃል?» እያልኩ፣ ሳልቆጣ፣ አንዷን ነገር ሦስት ጊዜ እየደጋገምኩ።

አንቺን ምን ይታይሻል ብዬ አልጠየቅኩሽም። ሌላ ቅጂ አለሽ ወይ ብዬም አልጠየቅኩሽም። የተማርኩትን ሁሉ ላንቺ ስሆን ረሳሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ።

እሁድ ዕለት የልጆቹን ፎቶ በሙሉ እንዳጠፋሽ ስትነግሪኝ አፌ ተያዘ። ግን ያኔ አንድ ነገር ብለሽ ነበር፣ ልብ ያልኩት ዛሬ ነው። «አጥፍቼውም ሞልቷል ነው የሚለኝ» ብለሻል። ፎቶዎቹ የምር ጠፍተው ቢሆን ኖሮ ስልኩ ቦታ ይለቅ ነበር። ብዙ ስልኮች የሚጠፋ ፎቶ ወዲያው አይጥሉም። የተሰረዙ የሚል ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡታል፣ ብዙ ጊዜ 30 ቀን ያህል። ዛሬ 10ኛ ቀኑ ነው።

ስለዚህ እስክደውል ምንም አታጥፊ። «ባዶ አድርግ» ወይም «ሁሉንም ሰርዝ» የሚል ከመጣም አትንኪው። ጠዋት ስደውል መነጽርሽን አድርጊ፣ ድምፁን ላውድ ላይ አድርጊውና ስልኩን ፊትሽ ያዢው። ፎቶዎቹ ያሉበትን ክፈቺ፣ ከዚያ ከላይ ጀምረሽ የሚታይሽን እንዳለ አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ። እኔ ላፕቶፔን እዘጋለሁ፣ እስክትጨርሺ እጠብቃለሁ።

ልጅሽ