ለአባቴ፣ ከልብ ቀዶ ሕክምናው በፊት

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ትንሿ የወተት ጥርሷ ወልቆ «አባባ ሲድን አሳየዋለሁ» ብላ አስቀምጣዋለች። ስለ እርሷ ብቻ መጻፍ ይቀለኝ ነበር፤ ነገር ግን የሱሉልታው ጎረቤትዎ «ሞርፊን ልብ ያቆማል» ስላሉዎት ማስታገሻ አልፈልግም ማለትዎን ከወንድሜ ሰማሁ።

ሰውየው ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም። ሞርፊን በሰውነት ውስጥ ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚያስለቅቅ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግፊትም ይወርዳል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1969 የአሜሪካ ሐኪሞች የልብ ቫልቭ ሕሙማንን በከፍተኛ መጠን ሞርፊን አደንዝዘው የልብ ጉልበት እንዳልደከመ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ የተለመደው ፈንታኒል የተባለው ማስታገሻ ሂስታሚን አያስለቅቅም፤ ኃይሉ ከሞርፊን 100 እጥፍ ያህል በመሆኑም የሚለካው በማይክሮግራም ነው። የልብን ምት ማዘግየቱ እውነት ነው፤ ሆኖም የእርስዎ ሚትራል ቫልቭ፣ በልብዎ ግራ በኩል ያለው የደም በር፣ ስለጠበበ ደሙ ወደ ታችኛው የልብ ክፍል ለማለፍ ጊዜ ይፈልጋል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ልብ ይበልጥ የሚያስፈራው ጥድፊያ ነው፤ ደረት ተከፍቶ ሕመሙ ካልታፈነ ደግሞ ልብ የሚጣደፈው ያን ጊዜ ነው። ምቱ ከልክ በላይ ቢዘገይ የሚያፈጥነው አትሮፒን ይሰጣል፤ ፈንታኒል ትንፋሽንም ስለሚያፍን መሣሪያ ይተነፍስልዎታል። የማደንዘዣ ባለሙያ ልጅ እያለችዎ የጎረቤት ምክር መቅደሙ፣ አልደብቅዎትም፣ ከንክኖኛል።

እኔ የምፈራው ከመድኃኒቱ ይልቅ የእርስዎን መደበቅ ነው። እናቴ ስታርፍ «ፈተናዋን ትጨርስ» ብለው ሸሽገውኝ መርዶዬን የሰማሁት ከሰልስቱ በኋላ ነበር። ለእኔው አስበው እንደሆነ አውቃለሁ፤ አስከሬኗን ሳልሸኝ መቅረቴ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። አሁንም ለጉልበትዎ ሕመም የሚገዙትን ትራማዶል ለሐኪሞቹ አልነገሯቸውም። እርሱም የሞርፊን ወገን ነው፤ ሰውነትዎ ከለመደው የተለመደው መጠን ሕመሙን ላያስታግሰው ይችላል። ለልብ ምትዎ የሚወስዱት አቴኖሎል ደግሞ ከፈንታኒል ጋር ሲገናኝ ዝግታውን ያባብሰዋል። ስለዚህ አንዱንም በራስዎ ሳያቋርጡ ያሉትን ኪኒኖች ሁሉ ከነማሸጊያቸው ይዘው ይግቡና ማደንዘዣ ለሚሰጥዎ ባለሙያ ያሳዩ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም «ያምዎታል?» ሲባሉ «ደኅና ነኝ» አይበሉ።

የሆነው ሁሉ ቢሆን ወንድሜ በዚያው ሰዓት እንዲደውልልኝ ይዘዙልኝ፤ ማለዳ ሽማግሌዎች በሬን እንዲያንኳኩ አልፈልግም።

ልጅዎ