ሌሊቱን ለነፍሰ ጡሮችም አስቡልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ዘጠነኛ ወሩ ውስጥ ገብቻለሁ። ሰሞኑን እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ነርስ በጀርባዬ እንዳልተኛ ነግራኛለች። ማህፀን ትልቁን ደም ሥር ሲጫን ወደ ልጁ የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ስለዚህ በግራ ጎኔ እተኛለሁ፤ በጉልበቶቼ መሃል የታጠፈ ጋቢ፣ ከሆዴ ሥር ትራስ አድርጌ። ትንሽ ቆይቶ ዳሌዬ ይደነዝዛል። ስገላበጥ ሽንቴ ይመጣል። መጸዳጃ ቤቱ ደግሞ የጋራ ነው፣ ግቢው ጥግ፤ መብራት የለውም። ባለቤቴ በስልኩ እያበራ ያደርሰኛል። ቃሩንስ እራት በጊዜ በልቼ፣ በርበሬም ቀንሼ አስታግሼዋለሁ።

ያቃተኝ የሰፈራችን ግሮሰሪ ነው። ስፒከሩን ወደ መንገድ አዙሮ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ያንባርቃል። ስንቴ ለመንናቸው! ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ይቀንሱታል፣ ሲሄድ ይመልሱታል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ይከለክላል። ሕጉ ሌሊቱን ለዕረፍት ከተወልን ሰፈሩ ለምን ይነሳናል? ግሮሰሪው ይሥራ፣ እንጀራቸው ነው። ስፒከሩን ግን ወደ ውስጥ ያስገቡልን። የወረዳው ኃላፊዎችም በቀን ሳይሆን ሌሊት መጥተው ይስሙት።

አንዲት ነፍሰ ጡር
ከአዲስ አበባ