ለኮምፕሌክስ ቁጥሮች የዲበግ መረጃ የጋራ መፈተሻ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በሲ ወይም በፎርትራን ሲግናል የሚተነትን ወይም የኤሌክትሪክ ዑደት የሚያሰላ ፕሮግራም ጽፎ፣ ፕሮግራሙን በዲበገር (ፕሮግራምን እያስቆመ ውስጡን በሚያሳይ መሣሪያ) መሀል ላይ አቁሞ የአንድን ኮምፕሌክስ ተለዋዋጭ (እውናዊና ምናባዊ የተባሉ ሁለት ክፍሎች ያሉት ቁጥር የያዘ) ዋጋ የጠየቀ ሰው፣ የታየውን ቁጥር የሚቀበለው ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለርና ዲበገሩ ተግባብተዋል ብሎ ነው። ሁልጊዜ ግን አይግባቡም። በፈቃደኝነት ተሰባስበን የምናዘጋጀው ነጻ የፈተና ስብስብ ይህን መግባባት በየኮምፓይለሩ፣ በየዲበገሩና በየፕሮሰሰሩ ዓይነት ይፈትሻል። ሥራው እንዳይቋረጥ የእናንተን ድጋፍ ለመጠየቅ ይህን ጥሪ አቅርበናል።

በሊኑክስና በመሰል ሲስተሞች ሁለቱ የሚግባቡት ድዋርፍ በተባለው የዲበግ መረጃ ፎርማት ነው፤ የዲበግ መረጃ ኮምፓይለሩ ስለ ፕሮግራሙ ለዲበገሩ ጽፎ የሚተወው መግለጫ ነው። ኮምፓይለሩ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ዓይነት ስሙን፣ በባይት የተለካ መጠኑንና ኢንኮዲንግ የሚባለውን መለያ ቁጥር ይጽፋል። የተራ ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) መለያ 4 ሲሆን የኮምፕሌክስ ፍሎት መለያ ደግሞ 3 ነው። ስለዚህ ስለ አንድ ደብል ኮምፕሌክስ ዲበገሩ የሚደርሰው መግለጫ ስሙ፣ መጠኑ 16 ባይት መሆኑና መለያው 3 መሆኑ ነው። የፊተኞቹ 8 ባይቶች እውናዊውን፣ የኋለኞቹ 8 ምናባዊውን ክፍል እንደያዙ መግለጫው በግልጽ አይናገርም። ዲበገሩ ለሁለት የሚከፍለው፣ በ1999 የወጣው የሲ ስታንዳርድ የኮምፕሌክስ ዓይነት አቀማመጥ ሁለት አባላት እንዳሉት አሬይ (ተከታታይ ዝርዝር) እንዲሆን፣ እውናዊው ክፍልም እንዲቀድም ስለደነገገ ነው።

መግለጫው ይህን ያህል ቀጭን በመሆኑ ለስሕተት በር ይከፍታል። በ64 ቢቱ ኤክስ86 ፕሮሰሰር ላይ ሎንግ ደብል ኮምፕሌክስ 32 ባይት ይይዛል፤ ከእያንዳንዱ 16 ባይት ግማሽ ውስጥ ቁጥሩ ያለበት በ10ሩ ባይት ብቻ ሲሆን የቀረው መሙያ ነው። ባለ 128 ቢቱ ፍሎት ኮምፕሌክስም እንዲሁ 32 ባይት ነው፣ መለያውም ያው 3 ነው። ዲበገሩ ሁለቱን የሚለየው በስማቸው ብቻ ስለሆነ፣ ስሙን በትክክል ካላነበበ ትርጉም የለሽ ቁጥር ያሳያል።

ክፍሎቹ ሙሉ ቁጥሮች የሆኑት የኢንቲጀር ኮምፕሌክስ ነገር ከዚህም ይከፋል። በ2017 የወጣው ድዋርፍ 5 ለምናባዊ ፍሎት ብቻውን 9 የተባለ መለያ አለው፤ ይህም ጂሲሲና ክላንግ የተባሉት ኮምፓይለሮች በሲ ቋንቋ የማያስተናግዱት ዓይነት ነው። ሁለቱም ኮምፓይለሮች ለሚቀበሉት የኢንቲጀር ኮምፕሌክስ ግን አንድም መለያ አልመደበም። ኮምፓይለሮቹም ለግል አጠቃቀም ከተተወው ከ128 እስከ 255 ካለው ክልል የመጀመሪያውን፣ 128ን፣ ይጽፋሉ። ይህን ቁጥር ሌላ ኮምፓይለር ፈጽሞ ለተለየ ዓይነት ቢጠቀምበት የሚከለክለው ደንብ የለም። በማይክሮሶፍቱ ኮድቪው ፎርማት ደግሞ አቆጣጠሩ ራሱ ይለያል፦ ድዋርፍ ሙሉውን መጠን ሲጽፍ ኮድቪው ዓይነቱን የሚሰይመው በአንዱ ክፍል መጠን ነው፤ 16 ባይት የሚይዘው ደብል ኮምፕሌክስ በዚያ 64 ቢት ኮምፕሌክስ ይባላል። አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይር ኮድ ለሁለት ማካፈሉን ቢረሳ ዓይነቱ በሙሉ ይዛባል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ኦፕቲማይዝ የተደረገ ኮድ ነው። ኮምፓይለሩ ኮድ ሲያፈጥን የአንዱን ተለዋዋጭ ሁለት ክፍሎች ለያይቶ አንዱን በሬጅስተር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ ትንሽ ማከማቻ) ሌላውን በሜሞሪ ሊያኖር፣ የማያስፈልገውንም ጭራሽ ሊያስወግድ ይችላል። በሊኑክስ የ64 ቢት ኤክስ86 ደንብ፣ አንድ ፈንክሽን ፍሎት ኮምፕሌክስ ሲመልስ ሁለቱም ክፍሎች በአንድ ሬጅስተር ታጭቀው ይመለሳሉ፤ ደብል ኮምፕሌክስ ሲመልስ ግን በሁለት ሬጅስተሮች ተከፍለው ነው። ድዋርፍ ተለዋዋጩን በቁርጥራጭ የሚገልጽበት፣ የጠፋውንም ክፍል ባዶ ብሎ የሚያልፍበት መንገድ አለው። ዲበገሩ የጠፋውን ክፍል ዜሮ አድርጎ ካሳየ ተጠቃሚውን ያሳስታል፤ ዜሮ ምናባዊ ክፍል ትክክለኛ መልስ ሊሆን ይችላልና። ከመካከላችን አንዱ የስሌት ዘዴው ተሳስቷል ብሎ ለቀናት ሲደክም ከቆየ በኋላ፣ ስሌቱ ትክክል ሆኖ የምናባዊው ክፍል ቦታ ብቻ በስሕተት ተመዝግቦ አግኝቶታል። ይህን ሥራ የጀመርነውም ከዚያ ወዲህ ነው።

እንዲህ ያለው ስሕተት ባለቤት የሚያጣበት ምክንያት አለ። የኮምፓይለር አዘጋጆች የሚፈትሹት የጻፉትን መግለጫ ነው፤ የዲበገር አዘጋጆችም የሚፈትሹት አነባበባቸውን ነው፤ የአንዱ ጽሑፍ በሌላው ሲነበብ የሚሆነውን ግን ማንም እንደ ዋና ሥራው አልያዘውም። የእኛ ፈተናዎች እያንዳንዳቸው ዋጋው አስቀድሞ የሚታወቅ ትንሽ ፕሮግራም ናቸው፤ ፕሮግራሙ በተለያዩ የኦፕቲማይዜሽን ደረጃዎች ተኮምፓይሎ በዲበገር ይቆምና የታየው ቁጥር ከሚጠበቀው ጋር ይነጻጸራል።

የምንጠይቀው ገንዘብ የሚውለው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ አዲስ የኮምፓይለር ወይም የዲበገር እትም በወጣ ቁጥር ፈተናዎቹ በኤክስ86 ብቻ ሳይወሰኑ በኤአርኤም፣ በሪስክ ፋይቭና በፓወርፒሲ ማሽኖች ላይም እንዲካሄዱ የማሽን ኪራይ ነው። ሁለተኛውና በእኛ እምነት የሚበልጠው፣ የወደቀውን ፈተና ወደ አጭር ምሳሌ አሳጥሮ፣ ጥፋቱ የጸሐፊው የኮምፓይለሩ ይሁን የአንባቢው የዲበገሩ ለይቶ ለሚመለከታቸው አዘጋጆች ሪፖርት ለሚያቀርበው ሰው የሥራ ሰዓት ክፍያ ነው። ይህ ሥራ በትርፍ ሰዓት ሲሠራ ይጓተታል፤ ሪፖርቱ ዘግይቶ በደረሰ ቁጥርም ስሕተቱ ወደ ቀጣዩ እትም ይሻገራል። አንድ ጊዜ ከሚሰጥ ትልቅ ልገሳ ይልቅ በየወሩ የሚገባ ትንሽ መዋጮ ይበልጥ ይጠቅመናል፤ ሰዓቱን አስቀድመን ለማቀድ ያስችለናልና። ገቢና ወጪው በዝርዝር ለሁሉም ክፍት ይሆናል፤ ፈተናዎቹም ውጤቶቹም እንዲሁ።

ገንዘብ መስጠት የማይችል ሰው በእጁ ያለውን ማሽን በሳምንት ለጥቂት ሰዓታት ቢያውሰን ትልቅ እርዳታ ነው። ዲበገር የተሳሳተ ኮምፕሌክስ ዋጋ ያሳየው ሰው ደግሞ ኮዱን እስከሚችለው አሳጥሮ፣ ከኮምፓይለሩ ስምና እትም፣ ከተጠቀመበት የኦፕቲማይዜሽን ደረጃና ከፕሮሰሰሩ ዓይነት ጋር ይላክልን። በተለይ የፎርትራን ምሳሌዎች በጣም ያንሱናል።