ልብ የለህም ትለኝ ነበር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? "ጠፋህ" እንዳትለኝ፤ መጥፋቴን አውቀዋለሁ። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልደወልኩልህም። እማዬ ስታርፍ እንኳ። እናትህን እማዬ እያልኩ ከእጇ በልቼ አድጌ፣ ለለቅሶዋ ድምፄ አልተሰማም። ሰፈር ውስጥ "አሜሪካ ገባና ልቡ ተቀየረ" እንደተባልኩ ሰምቻለሁ። ስሰማ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ አለቀስኩ። ልቤ መቀየሩስ እውነት ነው።

ትዝ ይልሃል? እማዬ ዘይት ግዙ ብላ ትልከንና፣ እኔ ብሩን የት እንደጣልኩት ጠፍቶኝ ባዶ እጄን ስመለስ፣ "አንተ እኮ ልብ የለህም!" ትለኝ የነበርከው አንተ ነህ። አሁን ብትለኝ አልከራከርህም።

ሰበብ እየደረደርኩ እንዳይመስልህ። ግን የሆነውን ሳትሰማ እንድትፈርድብኝ አልፈልግም።

የልብ ንቅለ ተከላው በፈረንጆቹ መስከረም 2019 እንደተደረገልኝ ታውቃለህ። በቪዲዮ ጠባሳውን አሳይቼህ "ዚፕ አስገጠምክ እንዴ?" ብለህ አስቀኸኝ ነበር። ስስቅ ስፌቱ እንዴት እንዳመመኝ አልነገርኩህም። ያልነገርኩህ ሌላው ነገር ከዚያ ወዲህ ያለው ኑሮ ነው። ልቡ ራሱ ጎበዝ ነው። አስቸጋሪው የኔ ሰውነት ነው። የሰው ልብ እንደሆነ ነቅቶበታል፤ ቢለቁት ይበላዋል። ስለዚህ ጠዋት 3 ሰዓትና ማታ 3 ሰዓት ኪኒን እየዋጥኩ የገዛ ዘበኛዬን፣ በሽታ የሚከላከልልኝን የሰውነቴን ኃይል፣ አስተኛዋለሁ። ታክሮሊመስ፣ ሴልሴፕት፣ መጀመሪያ አካባቢ ደግሞ ፕሬድኒሶን። ዘበኛው ሲተኛ ልቡ ይድናል። ግን ዘበኛ በተኛበት ግቢ ሌባም እንደልቡ ይገባል።

ከሰው ወደ ሰው የመጀመሪያው የልብ ንቅለ ተከላ የተደረገው በአፍሪካችን፣ ኬፕ ታውን ውስጥ ነው። በፈረንጆቹ 1967 ክርስቲያን ባርናርድ የሚባል ሐኪም ነው ያደረገው። ልብ የተተከለለት ሰውዬ ሉዊስ ዋሽካንስኪ 18 ቀን ኖረ። የገደለው ልቡ አይደለም። የገደለው የሳንባ ምች ነው፤ አዲሱን ልብ እንዳይጠላ ብለው የሰጡት መድኃኒት ለምቹ በር ከፈተለት። ይህን ያነበብኩት ሆስፒታል ተኝቼ ነው። ባላነበብኩት ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ኮሮና ሲመጣ ገና ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። መድኃኒቱ ከፍ ያለበት፣ ዘበኛው ድብን ብሎ የተኛበት ጊዜ ማለት ነው። እኔ ደግሞ እንደምታውቀኝ ማንበብ አልተውም። ኒው ዮርክ ያሉ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በመጀመሪያዎቹ ወራት ልብ ተተክሎላቸው ኮሮና የያዛቸውን 28 ሰዎች ቆጥረው አወጡ። 22ቱ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ 7ቱ ሞተዋል። ከአራት አንድ ነው። የምግብ ጠረጴዛችን አራት ወንበር አለው። ቁርስ ስበላ ወንበሮቹን መቁጠር ጀመርኩ። ከቻይናዋ ውሃን ከተማ የወጣው ጽሑፍ ግን ልብ የተተከለላቸው ሁለት ሰዎች ተይዘው ሁለቱም ዳኑ ይላል። እሱን ስንቴ እንዳነበብኩት አትጠይቀኝ።

ባለቤቴ የምትሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ያኔ እዚያ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ሥራ ትተው እንዳትለኝ፤ የኔ መድኃኒት የሚከፈለው በሷ ኢንሹራንስ ነው። ከሥራ ስትመጣ ልብሷን ጋራዥ ውስጥ አውልቃ፣ በፎጣ ተጠቅልላ፣ ቀጥታ ሻወር ቤት። ስምንት ወር ለየብቻ ክፍል ተኛን። በግድግዳ እንነጋገር ነበር። እሷ ትጸልያለች፤ እኔ አሜን እላለሁ።

በፈረንጆቹ 2021 ክትባት ሲመጣ እልል አልኩ። ሁለቱንም ተወጋሁ። ብዙም ሳይቆይ ከኛ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ ያለው፣ የባልቲሞሩ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አወጣ። ኩላሊት፣ ጉበት፣ ልብ የተተከለላቸውን 436 ሰዎች ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ሲያዩ፣ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም የዘበኛው መሣሪያ፣ የተገኘባቸው 17 በመቶ ብቻ ናቸው። በኋላ ከሁለተኛው መርፌ ወዲህ 658 ሰው አዩ፤ 54 በመቶ። ለካ ክትባት የሚያስተምረው ዘበኛውን ነው። የተኛ ዘበኛ ምን ይማራል? እኔም ደሜን አስመረመርኩ። ባዶ። ነሐሴ ላይ ለኛ ቢጤዎች ሦስተኛው ሲፈቀድ ሰልፉ ላይ ቀድሜ የተገኘሁት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

በኛ አቆጣጠር የ2014 ገና ዕለት ዘመድ ቤት ተጠራን። ባለቤቴ "ይቅርብን" አለች። የገገምኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሰው ቤት ሳልረግጥ፣ ዶሮ ከሰው ጋር ሳልበላ! ማስኬን አጥብቄ ገባሁ፤ መስኮት ጥግ ተቀመጥኩ። ሁሉም "ውይ፣ ተርፈህ ለዚህ በቃህ" እያለ ከሩቅ እጅ ይነሳል። ጥሩ ነበር። ከዚያ የቤቱ እመቤት እናት፣ ሰማንያን የተሻገሩ አሮጊት፣ ከመሶቡ ተነስተው ወደኔ መጡ። በእጃቸው ጉርሻ። እንቁላሉን በእንጀራው ጠቅልለውታል፤ ቅቤው በክንዳቸው ወደ ነጠላቸው ይወርዳል። "በሞቴ! አንዴ ብቻ፣ በሞቴ!" አሉ፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ። ምን ታደርጋለህ? አንተ ብትሆን እምቢ ትላለህ? ማስኬን ዝቅ አድርጌ ጎረስኩ። "አንድ ጉርሻ ያጣላል" ብለው ሁለተኛውን አመጡ። እሱንም ጎረስኩ። ማስኩን መልሼ ማድረግ ደግሞ አሳፈረኝ፤ ሰው የተጸየፍኳቸው እንዳይመስለው።

እሳቸው አስያዙኝ አልልም። ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር፤ ኦሚክሮን የተባለው የኮሮና ዝርያም ያን ሰሞን አገሩን አጥለቅልቆታል። ብቻ እሑድ ሲነጋ ጉሮሮዬ ነደደ።

እሑድ ስለሆነ የንቅለ ተከላ ክሊኒኬ ዝግ ነው። ለተረኛዋ ነርስ መልእክት ትቼ አንድ የሰፈር ክሊኒክ ሄድኩ። ወጣት ሐኪም ነው፤ ቸኩሏል፤ ውጭ ሰልፉ ረጅም ነው። መድኃኒቶቼን ዘርዝሬ ነገርኩት፣ ጻፈ። "አዲስ የኮሮና ኪኒን ወጥቷል፣ ዕድለኛ ነህ" ብሎ ፓክስሎቪድ አዘዘልኝ። ቤት ደርሼ፣ ውሃ ቀድቼ፣ ኪኒኖቹን መዳፌ ላይ ደርድሬ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ነርሷ ናት። የኪኒኑን ስም ስነግራት ድምጿ ተቀየረ።

"ውጠኸዋል?"

"ገና ነኝ።"

"አስቀምጠው። አሁኑኑ አስቀምጠው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓክስሎቪድ ውስጥ ሪቶናቪር የሚባል አለበት። የሱ ሥራ፣ ቫይረሱን የሚዋጋውን መድኃኒት ጉበት ቶሎ እንዳያፈርሰው ማገድ ነው። ታክሮሊመስን የሚያፈርሰውም ያው የታገደው የጉበት ሠራተኛ ነው። እሱ ሥራ ሲፈታ ታክሮሊመሱ ደም ውስጥ ይከማቻል። እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ኩላሊት ይመታል። ግሬፕ ፍሩት የተከለከልነውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሚያውቅ ሐኪም ታክሮሊመሱን አቁሞ፣ ደም እየለካ ሊሰጥህ ይችላል። በጥድፊያ ግን አይሆንም። በሐኪሙ አልፈርድም፤ ልብ የተተከለለት ሰው በቀን ስንቴ ያጋጥመዋል? ለአንድ ብርጭቆ ውሃ ያህል ነው የተረፍኩት።

የዚያኑ ዕለት ማታ ጣቴ ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ 89 አለ። ሆስፒታል ገባሁ። ዘበኛው ትንሽ ዓይኑን እንዲገልጥ ሴልሴፕቱን አቆሙት። ታክሮሊመሱን ቀጠሉ፤ ጭራሽ ከነቃ ልቡ ላይ ነው የሚነሳው። በክንዴ አምስት ቀን ሬምዴሲቪር የሚባል ቫይረሱን የሚዋጋ መድኃኒት። አፍንጫዬ ላይ ኦክስጅን። በየጠዋቱ ሐኪሞቹ በር ላይ ቆመው ዘበኛዬን ምን ያህል እንቀስቅሰው፣ ምን ያህል እናስተኛው ሲከራከሩ እሰማለሁ። ከሳሉ ይልቅ ያ ክርክር ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

የጥምቀት ማግስት ስልኬን ከፈትኩት። 14 ያመለጠ ጥሪ፤ ሰባቱ ያንተ። ቴሌግራም ላይ የእማዬ ፎቶ፣ ከሥሩ ሻማ።

ቀጥሎ የሆነውን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ይሄ ልብ ሲተከል ነርቩ ተቆርጧል። ከአእምሮዬ ጋር የሚያገናኘው ገመድ የለውም። ተኝቼም በደቂቃ 95፣ 100 ይመታል፤ ስደነግጥ እንደ ሰው ልብ ወዲያው አይዘልም። ራስጌዬ ያለው ሞኒተር 104 ይላል። ፎቶዋን አየሁ፤ 104። ስሟን አነበብኩ፤ 104። እንባዬ በኦክስጅኑ ቱቦ ላይ ይወርዳል፤ አሁንም 104። ይሄ ልብ አያውቃትም አልኩ፤ ከእጇ አልበላ። ተናደድኩበት። ሦስት አራት ደቂቃ ቆይቶ ግን ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። 109። 115። 122። አድሬናሊኑ በደም ዞሮ እስኪደርሰው ነው ለካ የሚቆየው። ሞኒተሩ ጮኸ፤ ነርሷ ሮጣ ገባች። "ምን ሆንክ?" አለችኝ። "እናቴ ሞተች" አልኳት።

ልደውልልህ ሞክሬያለሁ። ሁለት ቃል ስናገር ሳሉ ያንቀኛል። እንዲህ ሆኜ ባስለቅሰው ሁለት ኀዘን እጨምርበታለሁ ብዬ ተውኩት። ስወጣ አልኩ። ስወጣ ሠልስት አልፏል። ለአርባዋ አልኩ። ከወጣሁም በኋላ ሰባት ሳምንት ምርመራው ኮሮና አለብህ ሲለኝ ከረመ፤ የተኛ ዘበኛ ሌባውን ቶሎ አያስወጣም። በዚያ መሃል አርባዋ አለፈ። ከአርባ በኋላ በየት አፌ? ሲውል ሲያድር ዕፍረቱ ወለድ ወለደ። ይሄኛው በኮሮና አይሳበብም፤ የኔው ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው አጭር ነው። ኢቩሼልድ የሚባል መርፌ ተወጋሁ፤ ተዘጋጅቶ የመጣ ፀረ እንግዳ አካል ነው፣ ዘበኛ ከውጭ መቅጠር በለው። ዓመትም አልሞላኝ፤ አዲሶቹ ዝርያዎች ስላልተበገሩለት በፈረንጆቹ ጥር 2023 ላይ ፈቃዱ ቆመ። ሰው ሁሉ ማስኩን ጥሎ እኔ ብቻ አድርጌ ቀረሁ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ዛፍ ሥር ቆሜ ነው የማስቀድሰው። ልጆች "ማስኩ ጋሼ" ይሉኛል።

ባለፈው ወር ለለጋሼ ቤተሰብ ደብዳቤ ጻፍኩ። ስምህን ሳትገልጽ ጽፈህ በድርጅቱ በኩል ነው የሚላክላቸው። ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ዛሬ ነገ ስል ነበር። ጽፌ ስጨርስ ብዕሩን ማስቀመጥ አቃተኝ። ዕዳ ያለብኝ ለነሱ ብቻ አይደለማ።

ሐኪሞቼ ከፈቀዱ ጥር ላይ እመጣለሁ፤ የጥምቀቱ ግርግር ካለፈ በኋላ። ቦሌ ማስክ ያደረገ፣ ፀጉሩ የሳሳ ሰውዬ ካየህ እኔ ነኝ። መሳሳም የለም፤ ቅር እንዳይልህ፣ ትከሻ ይበቃናል። ቁርጥ ቤት ከወሰድከኝ አንተ ቁርጥህን ብላ፤ ለኔ በደንብ የበሰለ ጥብስ ይታዘዝልኝ። ጥሬ ከተከለከልኩ ቆየሁ። በቀጣዩ ቀን በጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ እማዬ ጋ ትወስደኛለህ። የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንዳረፈች እንኳ አላውቅም። እሱን ጻፍልኝ።

ወንድምህ