ለደንበኞቻችን፦ ስለ አዲሱ የበርገር ማዘዣ ወረቀት

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ጠረጴዛችሁ ላይ የምታገኙት የማዘዣ ወረቀት ተቀይሯል። ዳቦውን፣ ሥጋውን፣ ቺዙንና ሶሱን እንደ ድሮው ራሳችሁ ምልክት እያደረጋችሁ ትመርጣላችሁ። ሁለት ነገር ግን ተለውጧል፦ ከተጨማሪዎቹ ከአራት በላይ መምረጥ አይቻልም፤ «ለብ ለብ» የሚለው ምርጫም ወጥቷል። ምክንያቱ ይህ ነው።

ስለ ለብ ለቡ የሚነሳው ጥያቄ ተገቢ ነው። ጥሬ ሥጋ ቆርጦ ለሚበላ ሰው በርገር ብቻ ለምን ይከለከላል? ያልተፈጨ ሥጋ ላይ ያለው ጀርም በአብዛኛው ላዩን ነው የሚቀመጠው። ሲፈጭ ላዩ የነበረው ሁሉ መሀል ይገባል፤ ውጩ ብቻ ቢጠበስ የውስጡ አይሞትም። ክትፎም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ ነገር ግን እሱ ታዞ ወዲያው ሲከተፍ የእኛ ሥጋ ጠዋት ተፈጭቶ እስከ ማታ ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል። የኮሶው ነገርም አለ። ስለዚህ የሥጋው መሀል 71 ዲግሪ ሳይደርስ ከምጣዱ አናወጣውም። የምንለካው በቴርሞሜትር ነው፤ በቀለም አንፈርድም፤ ሳይበስል ቡናማ የሚሆን ሥጋ አለ፣ በስሎም ቀላ የሚል አለ።

«እንዲህ ከበሰለማ ይደርቃል» የሚል ይኖራል። የሚያደርቀው የስቡ ማነስ ነው። የአገራችን በሬ፣ በተለይ ሣር ብቻ የበላው፣ ቀዩ ይበዛል። እኛ ለአንድ ኪሎ 800 ግራም ቀይ ሥጋ ከዳቢት፣ 200 ግራም ስብ ደግሞ ከሻኛ እናደርጋለን። ሥጋውም የማሽኑ ቢላዋም በረዶ ሊሆኑ ጥቂት እስኪቀራቸው ይቀዘቅዛሉ፤ ካልቀዘቀዙ ስቡ ሳይቆረጥ ይላቆጥና ምጣድ ላይ ቀልጦ ያልቃል። ጨው የምንነሰንሰው ሊጠበስ ሲል፣ ላዩ ላይ ብቻ ነው። ቀድሞ ተቀላቅሎ ቢያድር ሥጋው እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ቋሊማ ይለጠጣል። ሽንኩርትና እንቁላል አስገብታችሁ ለውሱልን የምትሉንም አላችሁ፤ እሱ ጥሩ የሥጋ ኳስ ይሆናል እንጂ በርገር አይሆንም።

የአንዱ በርገር ሥጋ ጥሬውን 150 ግራም ይመዝናል፤ ሲበስል ወደ 110 ግራም ይወርዳል። የተመዘነው ተቀነሰ ብላችሁ እንዳታስቡ፤ የወጣው ውሃና ስብ ነው። መሀሉን በአውራ ጣት ጎድጎድ የምናደርገው ሲበስል እንዳያብጥ ነው። ምጣድ ላይ እያለም በማገላበጫ አንጫነውም፤ ያ የሚንጫጫው ድምፅ ጭማቂው ሲፈስ ነው።

አሁን ወደ ተጨማሪዎቹ። ቲማቲም፣ አቮካዶ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ቃሪያ፣ የተጠበሰ ሽንኩርት፣ እንጉዳይ፣ ሁሉንም በአንዴ ያዘዘ ሰው የሚበላው በማንኪያ ነው። ዳቦውን የሚያፈርሰው ከቁመቱ ይልቅ እርጥበቱ ነው። የዳቦውን ውስጥ በቅቤ ጠበስ የምናደርገው ውሃ ቶሎ እንዳይገባው ነው፤ ያም ቢሆን ቲማቲም፣ እንጉዳይና አዋዜ ሲደራረቡ ከደቂቃዎች በላይ አይችልም። ምክራችን፦ አንድ እርጥብ፣ አንድ የሚንኮሻኮሽ፣ አንድ ቅባት ያለው፣ አንድ የሚያቃጥል ወይም የሚኮመጥጥ። ሰላጣውን ከሥጋው ሥር የምናደርገው ጭማቂውን እንዲይዝ ነው፤ ተገልብጦ መጣ ብላችሁ አትመልሱት።

አይብ «ይቅለጥልኝ» ለምትሉ፦ አይብ አይቀልጥም። በአሬራው ኮምጣጣነትና በሙቀት የረጋ ስለሆነ እሳት ቢያገኝ ይደርቃል እንጂ አይለጠጥም። ውሃው ተጨምቆ ቀዝቃዛውን ከላይ ይደረጋል፣ ከሚጥሚጣ ጋር ግሩም ነው። የሚቀልጥ የፈለገ ፕሮቮሎኔ የተባለውን ቺዝ ይምረጥ። ሚጥሚጣውን ራሱ ከምጣዱ ከወጣ በኋላ ነው የምንነሰንሰው፤ ምጣድ ላይ ቢያርፍ ቤቱ በሙሉ ያስላል።

የጾም በርገር ለብቻው ምጣድ፣ ለብቻው ማገላበጫ አለው። ሽንብራውን አንቀቅለውም፤ ሌሊቱን ዘፍዝፈን ጥሬውን እንፈጨዋለን፤ የተቀቀለው ውሃ ስለሚይዝ ዘይት ውስጥ ይበተናል። ዳቦውም የተለየ ነው፤ የዘወትሩ ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ አለበት። ማዮኔዝ እንቁላል ስላለው የጾም ሳጥን ላይ ምልክት ብታደርጉ ወጥ ቤቱ ራሱ ያስቀረዋል። ረቡዕና አርብ ሁለቱም ዓይነት ይሠራል፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ቀናት ግን የጾሙን የምናዘጋጀው ለሚያዝ ብቻ ነው። ሥጋችን የክርስቲያን እርድ ነው፤ ሙስሊም ደንበኞቻችን ይህን አውቃችሁ እንድትመርጡ ወረቀቱም ላይ ጽፈነዋል።

ስለ ድራፍት የሚመጣው ቅሬታ ሁልጊዜ አረፋው ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ጋዙ ከቢራው ለመውጣት ይቸኩላል። ለዚህም የበርሜሉን የግፊት መለኪያ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ካለ ቤት በ0.2 ባር ያህል ከፍ እናደርጋለን። መብራት ሲጠፋ ግን ቱቦው ውስጥ የቀረው ቢራ ይሞቃል፤ መብራቱ እንደመጣ የሚቀዱት የመጀመሪያዎቹ ጃምቦዎች አረፋ ብቻ ይሆናሉ። እነሱን እንደፋቸዋለን እንጂ ለእናንተ አናቀርብም፤ ትንሽ ታገሱን። በተቃራኒው አረፋው ወዲያው የሚጠፋባችሁ ከሆነ ጥፋቱ የቅባት ነው፤ በርገር የነካ ከንፈርና ጣት የብርጭቆውን አፍ ሲነካ አረፋው ይሞታል። ቢራው አልተበላሸም። ለሁለተኛው ዙር ብርጭቆው እንዲቀየርላችሁ ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው አልኮል አንሸጥም፤ መታወቂያ ስንጠይቅ ቅር አይበላችሁ።

በመጨረሻ ስለ ጥምቀት። ጥር 10 ገሃድ ስለሆነ ቀኑን የሚሠራው የጾም ብቻ ነው። ጥር 11 ታቦታቱ ሲመለሱ ፒያሳና አካባቢው ስለሚጨናነቅ፣ በዚያ ቀን የመምረጫ ወረቀቱ አይኖርም፤ ሦስት ዓይነት የተዘጋጀ በርገር ብቻ እናቀርባለን። ከስምንት ሰው በላይ ሆናችሁ የምትመጡ በዋዜማው ቁጥራችሁን ንገሩን፤ ዳቦው የሚጋገረው ሌሊት ስለሆነ ጠዋት የመጣ ትእዛዝ አይደርስም።

ከአክብሮት ጋር
የበርገር ቤቱ ሠራተኞች፣ ጎንደር