ከ28ቱ መርፌ 17ቱ የት ቀሩ?

ይድረስ ለጤና ቢሮ ኃላፊው፦

ስምዎንም ሆነ የቢሮዎን ስም አልጽፍም። ሁለት ጊዜ ማመልከቻ ያስገባሁ፣ አንድ ጊዜም ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደጅ ጠንቼ ያነጋገርኩዎት የአንኮበሩ መምህር ነኝና ለማን እንደምናገር ያውቃሉ።

ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ከአፍንጫዋ ሥር ቁንጭር ከወጣባት ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ሲጀምር የትንኝ ንክሻ የምታህል ቀይ እብጠት ነበረች። ጠበል አስጠመቅናት፣ ቅጠል ቀባንላት፣ ብር ሲገኝ ከክሊኒክ ቅባት ገዛን። ቁስሉ ወደ ላይኛው ከንፈሯ ወረደ። ባለፈው ጥቅምት ወደ አንድ ማስተማሪያ ሆስፒታል ወሰድኳት። ከቁስሉ ጠርዝ ፍቀው በማይክሮስኮፕ አዩና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የሚባል መርፌ ታዘዘላት፤ በየቀኑ አንድ፣ ለ28 ቀን።

መርፌው ጡንቻ ላይ ነው የሚወጋው፤ ያማል። ከሆስፒታሉ አጠገብ ክፍል ተከራይተን ተቀመጥን። ልጄ ተወግታ በመጣች ቁጥር ደብተሯ ሽፋን ላይ አንድ መስመር ታሰምራለች። 11 መስመር አሰመረች። በ12ኛው ቀን ነርሷ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየችው፤ ባዶ ነው። ካርቶኑንም ገልብጣ አሳየችኝ። እሷ ምን ታድርግ? ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ከሳምንት በኋላ ደውሉ» ተባልን፤ ደወልን። ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

ስንት እንደጎደለን ቁጭ ብዬ አስላሁ። ልጄ 22 ኪሎ ናት፤ መጠኑ በቀን ለአንድ ኪሎ 20 ሚሊ ግራም ነው። የቀሩት 17 መርፌዎች ተደምረው ባለ 30 ሚሊ ሊትሩን ጠርሙስ ሁለት ተኩል ቢሞሉ ነው። ለሁለት ተኩል ጠርሙስ ነው የዚህች ልጅ ሕክምና ከመሀል የተቋረጠው። አሁን ቢገኝ እንኳ ከ1 ጀምሮ እንደገና መወጋት ሊያስፈልጋት እንደሚችል ሐኪሙ ነግሮኛል።

ይህን ሁሉ ስነግርዎ የመለሱልኝን አልረሳውም፤ «ቁንጭር እኮ አይገድልም» አሉኝ።

እውነት ነው፣ አይገድልም። ልጄ የምትማረው እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ነው። ስም ስጠራ «አቤት» የምትለኝ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሥር ሸፍና ነው። በዕረፍት ሰዓት ከክፍል አትወጣም። የቆረሰችውን እንጀራ ጓደኞቿ አይነኩም፤ በሽታው ከሰው ወደ ሰው በመብላትና በመንካት እንደማይተላለፍ ክፍል ለክፍል እየዞርኩ ባስተምርም የሚሰማኝ ጥቂት ነው። ተህዋሲው ያለው ገደላችንን ከሞሉት ሽኮኮዎች ዘንድ ነው፤ ወደ ሰው የምታመጣው የአሸዋ ዝንብ ናት። ከገደል አፋፍ ቤት ሠርተን በመኖራችን የመጣብን ነው እንጂ ልጄ ያጠፋችው የለም።

የቁንጭር ዘመድ የሆነው፣ የውስጥ አካልን የሚያጠቃው ካላ አዛር ካልታከመ እንደሚገድል፣ ይህ መድኃኒትም በዋናነት ለእሱ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ካላ አዛር ላለበት ለመተማና ለሑመራ ቆላ ታማሚ ቅድሚያ ቢሰጥ አልከራከርም። የደጋው ሕዝብ ግን ከእሱ የተረፈውን እየጠበቀ እስከ መቼ ይኖራል?

ሌላ መንገድ የለም እንዳይሉኝ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሌሽማንያ (ቁንጭርንና ካላ አዛርን የሚያመጣው ተህዋሲ) ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለ። እዚያ ያሉ ሐኪሞች ከባድ ቁንጭር ላለባቸው ሰዎች ሚልቴፎሲን የተባለውን የሚዋጥ እንክብል ሰጥተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2021 አሳትመዋል። ብዙዎች ተሽሏቸዋል፤ ሁሉም አልዳኑም፣ ያገረሸባቸውም አሉ። እንክብሉ ያስታውካል፣ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ለልጄ ይሁን አይሁን ሐኪም ይወስን፤ እኔ የምለው ሐኪሙ የሚመርጠው ነገር በእጁ ይኑረው ነው። ይህ ምርምር የተሠራው በእኛው አገር ሰው ፊት ላይ ባለ ቁስል ነው። ለምርምሩ ፊቱን የሰጠ ሕዝብ መድኃኒቱን ማግኘት አለበት።

ትንሽ ለሆነ ቁስል ደግሞ በፈሳሽ ናይትሮጂን ማቀዝቀዝ አለ። ላም የሚያዳቅሉ ባለሙያዎች የኮርማ ዘር የሚያስቀምጡት በዚሁ ናይትሮጂን ነው፤ በኮንቴይነር ይዘውት እኛ መንደር ድረስ ይመጣሉ። ለላሞቻችን ገጠር የደረሰው ነገር ለልጆቻችን ሆስፒታል ውስጥ ሲጠፋ እንዴት ዝም ይባላል?

የምጠይቅዎ ብዙ አይደለም። 28 መርፌ ተሟልቶ በእጅ ሳይኖር ማንም ልጅ የመጀመሪያውን እንዳይወጋ ያድርጉ። መድኃኒቱ መቼ እንደሚገባና ስንት እንደሆነ በሆስፒታሉ በር ላይ ይለጠፍ፤ ከመንዝና ከደብረ ሲና የሚመጣ ሰው በከንቱ አይንከራተት።

ሦስተኛ ማመልከቻ አላስገባም። ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ልጄን ይዤ ቢሮዎ እመጣለሁ። ደብተሯንም ትይዛለች። ነጠላዋን ገልጣ ፊቷን ታሳይዎታለች፤ ያኔ ለእኔ ያሉትን ለእሷ ይንገሯት።