ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፦ የቀይ ባሕር አጀንዳችሁ ውስጥ እነዚህን ልጆችም አስገቡልን

ክቡራን፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ስለ ቀይ ባሕር ያልተናገረ ባለሥልጣን የለም ማለት ይቻላል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጉዳዩን በጥቅምት 2016 አደባባይ አወጡት፣ በታኅሣሥ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፣ ሞቃዲሾ ተቆጣች፣ ካይሮም ገባችበት፣ ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ቱርክ አንካራ ላይ አስቀምጣ አግባባችሁ። (ቀኖቹን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።) ወደብ ያስፈልገናል? አዎ፣ እዚህ ላይ ከእናንተ ጋር ጠብ የለኝም። የምጽፈው በዚያው ባሕር ላይ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ስለሚሻገሩት ልጆች ነው።

ባሕሩ ድሮ የምናውቀው አይደለም። ከኅዳር 2016 ጀምሮ ሰሜን የመንን የያዙት ታጣቂዎች፣ ሁቲዎች፣ በድሮንና በሚሳይል መርከብ መምታት ሲጀምሩ ትልልቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች ስዊዝን ትተው ደቡብ አፍሪካን መዞር ጀመሩ። ርካሽ ድሮን የያዘ ቡድን የዓለምን ንግድ መንገድ አስቀየረ። አሜሪካና እንግሊዝ የመንን ደበደቡ፣ አውሮፓ የራሱን የባሕር ኃይል ላከ። ጂቡቲን እዩዋት፤ በዚያች ትንሽ አገር አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ቻይና፣ ጃፓንና ጣሊያን ጦር ሰፈር አላቸው። የእኛ ልጆች ማታ ማታ በጭነት የታጨቀ ጀልባ ላይ የሚሳፈሩትም ከዚያችው አገር፣ ከኦቦክ ዳርቻ ነው። ይህ ሁሉ የዘመኑ መሣሪያ በተሰበሰበበት ባሕር ላይ አንድ ጀልባ ሲገለበጥ የሚደርስለት የለም።

አሁን ወደ ሰዓዳ ልውሰዳችሁ። ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ሌሊት፣ ሰሜን የመን ውስጥ፣ ሁቲዎች ስደተኞችን ያጎሩበት እስር ቤት በአሜሪካ የአየር ጥቃት ተመታ። በሁቲዎቹ ቆጠራ 68 ሰው ሞቷል፣ 47 ቆስሏል። አፍሪካውያን ናቸው ተባለ። አብዛኞቹ የእኛ ናቸው። ግቢው የተደበቀ ቦታ አልነበረም፤ ያው የእስር ቤት ቅጥር ግቢ በጥር 2014 በሳዑዲ መራሹ ጥምረት ተመትቶ ከ90 በላይ ሰው አልቆበታል፣ ያኔም ዓለም ሁሉ ሰምቷል። የዕርዳታ ድርጅቶችም ያውቁታል። የአሜሪካ ጦር በሲቪሎች ላይ ደረሰ ስለተባለው ጉዳት እያጣራሁ ነው ብሎ ነበር። ከሳምንት በኋላ ዋሽንግተንና ሁቲዎች በኦማን አሸማጋይነት ተኩስ አቆሙ። መርከብ አትምቱ፣ እኛም አንመታችሁም፣ በቃ። በዚያ ስምምነት ውስጥ ስለ ሰዓዳ ሟቾች የተነሳ ነገር አልሰማሁም።

ይህ የመጀመሪያው ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር። የካቲት 2013 ሰነዓ ውስጥ በሁቲ ታጣቂዎች እጅ ያሉ ስደተኞች የተቆለፈባቸው አዳራሽ ተቃጥሎ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ፣ እነሱም በብዛት ኢትዮጵያውያን። ነሐሴ 2015 ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ብሎ ሪፖርት አወጣ፤ ሳዑዲ አስተባበለች። አንዱ ጋ ሁቲ ነው፣ ሌላው ጋ ሳዑዲ፣ ሌላው ጋ አሜሪካ፣ እርስ በርሳቸው ጠላት ናቸው፣ ሟቹ ግን ሁልጊዜ ከራያ፣ ከከሚሴ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ ወይ ከትግራይ ወጥቶ የሄደው ልጅ ነው።

እዚህ ላይ እናንተን በቀጥታ ልጠይቅ። ያ የነሐሴ 2015 ሪፖርት በወጣ ማግስት መሥሪያ ቤታችሁ መግለጫ አውጥቶ ነበር። ከሳዑዲ ጋር በጋራ በአስቸኳይ እንመረምራለን፣ እስከዚያ ማንም አላስፈላጊ ግምት አይስጥ ብላችኋል። እሺ ብለን ጠበቅን። ምርመራው የት ደረሰ? አልቆ ከሆነ ውጤቱን ንገሩን። አልተጀመረም ከሆነም እሱኑ ንገሩን።

ሳዑዲን ማስቀየም ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል። ብዙ ወገን እዚያ ሠርቶ ያድራል፣ ቤተሰብም ያስተዳድራል። በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎችን በአውሮፕላን ስትመልሱም አይተናል፣ እሱን አልክድም። ግን በጀርባ በር መነጋገር አንድ ነገር ነው፣ የሞተውን ሰው ስም አለመጠየቅ ሌላ ነገር ነው።

አቅም የለንም ካላችሁኝ ፊሊፒንስን እዩ። ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መርከብ ሁቲዎች በኅዳር 2016 ሲይዙ 25 መርከበኞች ነበሩባት፣ 17ቱ ፊሊፒንሳውያን። ፊሊፒንስ ልዕለ ኃያል አይደለችም፣ የመንን የምትደበድብበት አውሮፕላንም አልላከችም። ግን ስማቸውን፣ ብዛታቸውን፣ ያሉበትን ታውቃለች፣ በአደባባይም ትጠይቅ ነበር። ሌሎች መርከበኞቿም በቀይ ባሕር አንሄድም የማለት መብት እንዲኖራቸው አደረገች። ኦማን ሸምግላ ሁሉም በጥር 2017 ተለቀቁ። ኦማን ለእኛስ ሩቅ ናት? ሙስካት ሄዶ በሰዓዳ እስር ቤት ስንት ኢትዮጵያዊ አለ ብሎ ሁቲዎቹን የሚያስጠይቅ አንድ ዲፕሎማት ይጥፋ?

በየመንደሩ ያለውን ደግሞ ላሳያችሁ። ፌስቡክ ላይ አይታችሁት ይሆናል፦ የአንድ ወጣት ፎቶ፣ ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ «እባካችሁ ወገን እንድረስለት» የሚል ጽሑፍ። ልጁ የመን ውስጥ በአጋቾች እጅ ነው። ደላላው ስልክ ደውሎ ልጁ ሲገረፍ ለእናቱ ያሰማል። በሬ ይሸጣል፣ መሬት ይኮናተራል፣ ዕድሩም ማኅበሩም ያዋጣል። ገንዘቡ ተልኮ ስልኩ ዝም ሲል ያች እናት ምን ታድርግ? ሐምሌ 27 ቀን 2017 በደቡብ የመን፣ በአብያን ባሕር ላይ ከ150 በላይ ሰው የጫነች ጀልባ ተገልብጣ ከ90 በላይ ሲሞቱ፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በየአገሩ ስንት ቤት ልጁ እዚያች ጀልባ ላይ ይሁን አይሁን ሳያውቅ ቀረ። መርዶ ካልመጣ ለቅሶ አይቀመጥም። የሚያረዳ ደግሞ መጀመሪያ ማወቅ አለበት፣ ማወቅ የናንተ ሥራ ነው።

«ለምን ሄዱ?» የሚለውን መልስ እባካችሁ ይለፈኝ። በቦሌ የሄደም በባሕር የሄደም ዜጋችሁ ነው። ደላላ ይታሰር፣ ሥራ ይፈጠር፣ በዚህ እስማማለሁ፣ ግን እሱ የሌላ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው።

ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። አሜሪካን በይፋ ጠይቁልን፤ እያጣራሁ ነው ያለችው ምን ላይ ደረሰ፣ ለቤተሰቦቻቸውስ ምን ታደርጋለች? የሰዓዳን ሟቾች ስም ከቀይ ጨረቃም ይሁን ከዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ሰብስቡ፣ በሕይወት የተረፉትን አነጋግሩ። ልጁ የጠፋበት ቤተሰብ ደውሎ የሚያስመዘግብበት አንድ ስልክ ቁጥር ክፈቱ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ ሰውም ሳይጉላላ የሚያገኘው። በቀጣይም ስለ ቀይ ባሕር ደኅንነት ስብሰባ ስትገቡ ከወደቡና ከመርከቡ እኩል ይህንን ጉዳይ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት።

መልስ የምትሰጡ ከሆነ በአማርኛ ብቻ እንዳይሆን። በኦሮምኛና በትግርኛም አውጡት፣ በሬዲዮም አስነግሩት፤ የሚጠብቁት ሰዎች ዌብሳይታችሁን አይከፍቱም።